መልስ፦ ቦርዱን ከመቀየርህ በፊት ሴንሰሩን ለካው

ወንድሜ፣ ፍሪዘርህ የስህተት ኮድ እያወጣ ሞተሩ አላቆም ብሎሃል፤ ጠጋኙም «ቦርዱ ነው» ብሎሃል፤ ሞተሩን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ማለቱ ነው። እስቲ ቦርድ ፍለጋ አዲስ አበባ ከመደወልህ በፊት ሴንሰሩን ለካው። ቅዝቃዜውን ለክታ ለቦርዱ የምትነግር፣ ሁለት ሽቦ ያላት ትንሽ ነገር ናት።

መጀመሪያ ፍሪዘሩን ከሶኬት ንቀል። የሴንሰሩን መሰኪያ ከቦርዱ አላቅና ቴስተርህን (የኤሌክትሪክ መለኪያህን) ኪሎ ኦም ላይ፣ ማለትም የሽቦ መቋቋም (ሬዚስታንስ) የሚለካበት ላይ አድርግ። የብዙዎቹ ሴንሰሮች ቁጥር ሲቀዘቅዝ ይጨምራል። 10 ኪሎ ኦም የሚባለው ሴንሰር 10 የሚያሳየው 25 ዲግሪ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ደግሞ 25 ዲግሪ የሆነ ሳሎን የት ይገኛል? ማለዳ ክፍሉ 15 ዲግሪ ሆኖ 15 ወይም 16 ቢያነብ ደህና ነው፤ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ብርጭቆ ውስጥ የተፈጨ በረዶ በትንሽ ውሃ አድርግ (ሞተሩ ካላቆመ በረዶ መቼም አላጣህም)። የሴንሰሯን ጫፍ ነክረህ አምስት ደቂቃ ጠብቅ። ወደ 30 ገደማ መውጣት አለባት። ካልተንቀሳቀሰች ወይም ቴስተሩ ጭራሽ ካላነበበ አልቆላታል። ቁጥሩ ከዘለለ ሽቦውን እያጣመምክ እይ። የእኔ ፍሪዘር ላይ፣ በረዶ ውስጥ የተቀበረው የሽቦ መገጣጠሚያ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ነበር፤ ቆርጬ በየድኩት፣ አለቀ።

ስትገዛ ያው ልኩን ግዛ። በ10 ቦታ 5 ኪሎ ኦም ከገባ ቦርዱ ፍሪዘሩ የሞቀ ይመስለዋል፣ ሞተሩም እንደገና አያቆምም። ልኬቱ ሁሉ ደህና ከሆነ ግን ጠጋኙ ልክ ሳይሆን አይቀርም።