ፋይሉ ሲዘበራረቅ ማንን ልክሰስ?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ አለኝ። ደንበኞች በፍላሽ የዶክኤክስ (የማይክሮሶፍት ወርድ) ፋይል ያመጣሉ። እኔ በነፃ ፕሮግራም ስከፍተው ሠንጠረዡ ይፈርሳል፣ መስመሩ ይዘላል፣ ከዚያ «አበላሸሽብኝ» እባላለሁ! ማይክሮሶፍቶች ሆን ብለው ከሌላ ፕሮግራም ጋር እንዳይገጥም አድርገውት ከሆነ በሕግ አይጠየቁም?

መልስ፦ እህቴ፣ አለመግጠሙ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ሕጉ የሚጠይቀው ገበያውን የያዘ ድርጅት በዚያ ጉልበቱ ሌሎችን ገፍቷል ወይ ብሎ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ማይክሮሶፍትን 497 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀጣ አንዱ ምክንያት፣ በሰርቨር (ሌሎች ኮምፒውተሮችን በሚያገለግል ኮምፒውተር) ሥራ ያሉ ተፎካካሪዎቹ ከዊንዶውስ ጋር ለመግባባት የሚያስፈልጋቸውን መረጃ መንፈጉ ነበር። የወርድ ፋይል ጉዳይ አልነበረም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታል። ወርድ ያለበትን ኦፊስን የሚመለከት ምርመራ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ የዶክኤክስ ቅርጸትም በዚያው ዓመት ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሆነ። ስለዚህ አሠራሩ ተጽፎ ተቀምጧል፣ ምስጢር ነው ማለት ይከብዳል።

የእኛም አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀምን ይከለክላል። ግን ለአንድ ሠንጠረዥ ብለሽ ፍርድ ቤት አትንከራተቺ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፎንት ነው፤ ፎንቱ አንቺ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ሌላ ይተካበትና መስመሩ ሁሉ ይገፋል። ለኅትመት ብቻ ከሆነ በፒዲኤፍ አምጡልኝ በያቸው።