ስክሪቭነር ከመግዛትሽ በፊት አንድ ሰንጠረዥ ሥሪ

ሰላም እህቴ። ከ1965 እስከ 1970 ዓ.ም. የሚዘልቅ፣ ደሴና አዲስ አበባ ላይ የሚካሄድ የሦስት ቤተሰብ ልብወለድ ልትጽፊ መሆኑን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። ዊንዶውስ ላፕቶፕና አንድሮይድ ስልክ አለሽ። መብራቱም ኔትወርኩም አስተማማኝ አይደለም። ጥያቄሽ ደግሞ "ስክሪቭነር ልግዛ፣ ኖሽን ላይ ልሥራ፣ ወይስ ሌላ ትመክሩኛላችሁ?" የሚል ነው። (ለማያውቃቸው፦ ስክሪቭነር ረጅም ጽሑፍ ለመጻፍ የተሠራ ሶፍትዌር ነው፤ ኖሽን ደግሞ ማስታወሻና ዕቅድ የሚያዝበት አፕ ነው።) ብዙዎች የሚወዱትን አፕ ስም ጽፈውልሻል። እኔ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። በአማርኛ ልብወለድ ስናቅድ ዩቲዩብ ላይ ያሉት የእንግሊዝኛ ማብራሪያዎች የማያነሷቸው ነገሮች ይገጥሙናል።

አጭሩ መልስ፦ አሁን ምንም አትግዢ። መጀመሪያ ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ ላይ የትዕይንት ሰንጠረዥ ሥሪ። ለገጸ ባሕርያትና ለጥናት ማስታወሻ ኦብሲዲያን የሚባለውን የማስታወሻ አፕ በነፃ አውርጂ። ስለ ስክሪቭነር ረቂቁ መጻፍ ሲጀምር ታስቢበታለሽ።

ለምን መሰለሽ? ሶፍትዌር ከመምረጥሽ በፊት ጭንቅላትሽ ብቻውን ሊይዘው የማይችለው ምን እንደሆነ ማወቅ አለብሽ። አንዳንዱ ደራሲ ገጸ ባሕርያቱን አብጠርጥሮ ያውቃቸዋል፣ ትልሙ ግን ይምታታበታል። ሌላው ትልሙን ጨርሶ የሰበሰበው ጥናት ይበተንበታል። ያንቺ ሥራ ከባዱ ክፍል መቼቱ ነው፤ በተለይ ጊዜው። የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ የካቲት 20 ቀን 1966 ሥልጣን ለቀቀ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ከዙፋን ወረዱ። ኅዳር 14 ባለሥልጣናቱ ተረሸኑ። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። እነዚህን ቀኖች አንቺ ልታንቀሳቅሻቸው አትችዪም። ከሦስቱ ቤተሰቦች አንዱ ባለርስት ከሆነ አባወራው የካቲት 24 የተናገረውን የካቲት 26 ሊደግመው አይችልም። ይህን በየገጹ ልብ የሚልልሽ ሰንጠረዥ ነው።

ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ ረድፍ ስጪ። ዓምዶቹ፦ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ የቀኑ ክፍል፣ ቦታ፣ በማን አንጻር እንደሚተረክ፣ እነማን እንዳሉ፣ ምን እንደሚለወጥ፣ አንባቢው ምን አዲስ ነገር እንደሚያውቅ። ከሁሉም "ምን ይለወጣል" የሚለውን እንዳትዘይው። ያንን ዓምድ መሙላት ካቃተሽ ትዕይንቱ ገና አልበሰለም። ሰዎቹ ቡና ጠጥተው፣ አውርተው ከተለያዩና ምንም ካልተለወጠ፣ ወይ ይውጣ ወይ ከሌላው ጋር ይዋሃድ። እውነተኛዎቹን የታሪክ ቀኖችም እዚያው ሰንጠረዥ ውስጥ በሌላ ቀለም እንደ ራሳቸው ረድፍ አስገቢያቸው። ያኔ የትኛው ትዕይንት ከየትኛው ክስተት በፊት፣ የትኛው በኋላ እንደሆነ በአንድ እይታ ይታይሻል። እኔ ሁለት ትውልድ የሚዘልቅ ልብወለድ ስጽፍ ከማንኛውም አፕ በላይ የጠቀመኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። በእኛው አቆጣጠር ጻፊው። ቅደም ተከተሉ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ይሁን፦ 1966-06-20። ግን አንድም ቀን ከማስገባትሽ በፊት ዓምዱን በሙሉ ምረጪና ፎርማቱን "ቴክስት" አድርጊው። ካላደረግሽ ኤክሴል የፈረንጅ ቀን መስሎት ይቀይርብሻል። ጥቅምት 30ን 1967-02-30 ብለሽ ስታስገቢ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜም 13ኛ ወር ስለሆነች አያውቃትም። ከዚያ "ሶርት" ስትዪው ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ሆኖ ቅደም ተከተሉ ይዘበራረቃል። ሁሉም ቴክስት ከሆነ ግን ጳጉሜ ከነሐሴ ቀጥሎ፣ ከመስከረም በፊት ቦታዋን ይዛ ትቀመጣለች።

ሰዓትም ያው ነው። "2 ሰዓት" ብቻ ብሎ መተው ለኋላ ጣጣ ያመጣል። የቀኑን ክፍል በቁጥር ጀምሪው፦ 1 ጠዋት፣ 2 ከሰዓት፣ 3 ማታ፣ 4 ሌሊት። እንዲህ ከሆነ የአንድ ቀን ትዕይንቶች ራሳቸው በተራ ይሰለፋሉ።

እባክሽን ወደ ፈረንጅ ዓመት እየቀየርሽ አታቅጂ። 1967 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 1974 ነው፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ 1975 ይሆናል። ሁለቱን እያደባለቅሽ ከሄድሽ የልጆቹ ዕድሜ በአንድ ዓመት እየተዛባ ይመጣል። ኤዮን ታይምላይን የሚባለው ሶፍትዌር የራስሽን የቀን አቆጣጠር እንድትሠሪ ይፈቅዳል፤ ግን ይከፈልበታል፣ ለማስተካከልም ጊዜ ይፈልጋል። ላንቺ ሰንጠረዡ ይበቃል።

ለገጸ ባሕርያቱ ኦብሲዲያንን የምመክርሽ ማስታወሻዎቹ እዚያው ኮምፒውተርሽ ላይ እንደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሚቀመጡ ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም። ነገ ኦብሲዲያን ቢጠፋ እንኳን ፋይሎቹን ኖትፓድ ይከፍታቸዋል። የአንድሮይድ አፕም አለው። ለአንድ ሰው አንድ ፋይል ክፈቺ። የአንዱን ስም በሌላው ፋይል ውስጥ በድርብ ቅንፍ [[ ]] ስትጽፊ ይያያዛሉ፤ ማን ከማን ጋር ምን እንዳለው ተከትለሽ ትደርሺበታለሽ። "ካንቫስ" የሚባለው ገጽ ላይ ደግሞ የሦስቱን ቤተሰብ የዘር ሐረግ መሣል ትችያለሽ።

እዚህ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምትይዢው አንድ ልማድ አለ። "ስሞች" የሚል ፋይል ክፈቺና የእያንዳንዱን ሰውና ቦታ አጻጻፍ አንዴ ወስኚ። ኃይሉ ነው ወይስ ሀይሉ? ፀሐይ ነው ወይስ ጸሐይ? እኛ አንብበን አንድ ነው እንላለን፤ ኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ነው የሚያያቸው። አንዱን ስትፈልጊ ሌላው አይወጣም። የአልማዝን ታሪክ ለማስተካከል ስትፈልጊም "አልማዝ" ብለሽ ብቻ አትተዪው፤ "ያልማዝ" እና "ላልማዝ" ብለሽ የጻፍሻቸው ቦታዎች ያመልጡሻል። "ልማ" ብለሽ ፈልጊ። ሌላ ትንሽ ነገር ቢመጣም ሁሉም የአልማዝ ቦታ አብሮ ይወጣል። ይሄ ዎርድም ላይ፣ ስክሪቭነርም ላይ፣ ኦብሲዲያንም ላይ ይሠራል።

ስክሪቭነር በእርግጥ ጥሩ ነው። እኔም ረቂቅ የምጽፈው በእሱ ነው፤ አመስግኜም አልጠግበውም። በስተግራ ምዕራፍና ትዕይንቶቹ ተዘርዝረው ይታያሉ፤ አንዱን ትዕይንት በማውስ ይዘሽ ከምዕራፍ 3 ወደ ምዕራፍ 9 ትወስጂዋለሽ። የቡሽ ሰሌዳ የሚመስል ገጽ አለው፤ የየትዕይንቱ ማጠቃለያ በካርድ ተሰክቶ ይታያል። በሦስት ቤተሰብ ታሪክ ውስጥ "የሁለተኛው ቤተሰብ ክፍል ረጅም ጊዜ ተረስቷል" የሚለው ወዲያው የሚታይሽ እዚያ ላይ ነው። ክፍያው የአንድ ጊዜ ነው፤ በየወሩ አይደለም። የሙከራ ጊዜውም ሶፍትዌሩን የከፈትሽባቸውን 30 ቀኖች ብቻ ነው የሚቆጥረው። ቅዳሜና እሑድ ብቻ ከጻፍሽ ወራት ያቆይሻል። ከሀገር ውስጥ በዶላር መክፈል ለብዙዎቻችን ቀላል ስላልሆነ፣ እስከዚያው ውጭ ያለ ዘመድ እንዲከፍልልሽ መነጋገር ትችያለሽ።

ጉድለቱን ደግሞ እወቂው። የአንድሮይድ አፕ የለውም። በዊንዶውስ ላይ አንድ የስክሪቭነር ሥራ አንድ ፋይል ሳይሆን ሙሉ ፎልደር ነው። ወደ ፍላሽ ስትገለብጪ ውስጥ ያለውን አንዷን ፋይል ብቻ ከወሰድሽ ጽሑፉ አብሮሽ አይሄድም። ፎልደሩን በሙሉ ዚፕ አድርገሽ ውሰጂው። የቃላት ግብ የሚያስቀምጥበት ቦታ ላይም "80 ሺህ ቃል" የሚለውን የእንግሊዝኛ ልክ አትውሰጂ። አማርኛ ብዙ ነገር በአንድ ቃል ይቋጫል፤ የቃል ቁጥራችን አነስ ይላል። ግብሽን በትዕይንት ወይም በገጽ አድርጊው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ኖሽን ያምራል፤ ግን ሥራው ኢንተርኔት ላይ ያረፈ ነው። ያለ ኔትወርክ ለመሥራት የምትፈልጊያቸውን ገጾች አስቀድመሽ ማውረድ አለብሽ። ባንቺ ሁኔታ አልመክረውም። ዋይራይተር ነፃ ነው፤ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው፤ ምዕራፍን በትዕይንት ይከፋፍላል። መልኩ አያምርም እንጂ ሥራውን ይሠራል። ስክሪቭነርን መግዛት ካልቻልሽ እሱን ሞክሪ። ፕሎተር ትልምን በመስመር በመስመር ያሳያል፤ ይከፈልበታል፤ የሚያሳየውን ደግሞ ሰንጠረዥሽ ያሳይሻል። ዎርድን የለመድሽ ከሆንሽም አትናቂው። ምዕራፍና ትዕይንቱን በ"ሄዲንግ" ስታይል ከጻፍሽ የናቪጌሽን ገጹ ላይ እየጎተትሽ ማዘዋወር ይቻላል።

የትኛውንም ብትመርጪ የራስሽን የአማርኛ ጽሑፍ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ምዕራፍ፣ አስገብተሽ ፈትኚው። የፊደሉን ቅርጽ (ፎንቱን) ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ አድርጊና አራት ነጥቡ፣ ነጠላ ሰረዙ በትክክል መውጣታቸውን እዪ። የፊደል ማረሚያውን አጥፊው፤ ካልሆነ ገጹ በሙሉ በቀይ ይሰመርበታል። ከዚያ ወደ ዎርድ አውጪው። ጽሑፍሽ ሳይበላሽ ከወጣ ሶፍትዌሩ ያገለግልሻል። ፓወር ግዕዝ በሚባለው በድሮው የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ማስታወሻ ካለሽ ግን መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ዛሬ ኮምፒውተሩም ስልኩም ወደሚያነበው የፊደል አሠራር፣ አስቀይሪው። አለበለዚያ እነዚህ አፖች ውስጥ የላቲን ፊደል ድብልቅልቅ ሆኖ ነው የሚታየው።

ስልክሽን ሐሳብ ለመያዝ ተጠቀሚበት። ታክሲ ውስጥ ሆነሽ አንድ ንግግር ቢመጣልሽ ቴሌግራም "ሴቭድ ሜሴጅስ" ላይ በድምፅም በጽሑፍም አስቀምጪው፤ ማታ ወደ ኦብሲዲያን ትወስጂዋለሽ። ኔትወርክ ሲኖር የጂቦርድ የአማርኛ የድምፅ መጻፊያም ጥሩ ያግዛል። ኔትወርክ ባገኘሽ ቁጥር ሰንጠረዡንና የጽሑፍሽን ፎልደር ዚፕ አድርገሽ እዚያው ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ላኪው። ላፕቶፑ ቢበላሽ ሥራሽ አብሮ አይጠፋም።

ሰንጠረዡን ስትጀምሪ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ረድፎች እዚህ ለጥፊልን። በተለይ የደሴውን ክፍል ማየት እፈልጋለሁ። የ1965ቱን የወሎ ረሃብ በየትኛው ቤተሰብ በኩል ልታስገቢው አሰብሽ? የአንጻር ዓምዱን ስትሞዪ መጀመሪያ የምትወስኚው እሱን ይመስለኛል፤ ሦስተኛው ቤተሰብ መቼ ብቅ እንደሚልም እሱ ይወስነዋል።