ከደሴ፦ ስለ ጃቫ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

እሁድ ከሰዓት ነው፤ ቡናው ቀርቧል፣ መብራትም ዛሬ አልሄደም። ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስትጽፉ የሚያስቸግራችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር፣ በርከት ያለ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ ሰላም ወንድሜ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው ያለው። ኢንቴሊጄይ የሚባለውን የኮድ መጻፊያ ጫንኩበት፤ እስኪከፈት አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ይደርሳል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ አንቺ አላጠፋሽም። ኢንቴሊጄይን የምመክረው 8 ጊጋና ከዚያ በላይ ላለው ነው። «ቪኤስ ኮድ ቀላል ነው» የሚሉሽም ይኖራሉ። ቀላል የሆነው ባዶውን ነው፤ የጃቫውን ኤክስቴንሽን ስትጭኚበት ከሥር የሚሠራው የኤክሊፕስ (የሌላ ጃቫ መጻፊያ) ሞተር ስለሆነ እሱም ራም ይበላል። የመጀመሪያውን ወር በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ጻፊና ከኮማንድ ፕሮምፕት (ትዕዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት) አስኪጂው። ከጃቫ 11 ወዲህ ባለ አንድ ፋይል ፕሮግራም ከሆነ፣ «ጃቫ» ብለሽ የፋይሉን ስም ስትሰጪው ራሱ ኮምፓይል አድርጎ (ሊሠራ ወደሚችል መልክ ቀይሮ) ያስኬደዋል። አንድ ሁለት መስመር ለመሞከር ደግሞ ከጃቫ 9 ጀምሮ አብሮ የሚመጣ ጄሼል አለ። እጅሽ ሲፈታ ወደ ኤክሊፕስ ተሻገሪ። ትንሽ ገንዘብ ካገኘሽ የድሮውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ አስቀይሪ፤ የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነፍስ የዘራበት እሱ ነው።

ጥያቄ፣ ከወልድያ፦ ጃቫ ጭኛለሁ። ኮምፓይል ለማድረግ ጃቫሲ ብዬ ስጽፍ ግን እንዲህ የሚባል ትዕዛዝ አላውቅም ይለኛል።

መልስ፦ የጄዲኬውን (የጃቫ መሥሪያ ጥቅሉን) ቢን ፎልደር ፓዝ ላይ ጨምር፤ ፓዝ ማለት ዊንዶውስ ትዕዛዝ የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ነው። ጃቫ ሆም የሚባለው ቅንብር ላይ ግን የምትሰጠው ቢንን ሳይሆን ከሱ በላይ ያለውን ፎልደር ነው። ከዚያ ኮማንድ ፕሮምፕቱን ዘግተህ እንደገና ክፈት። ሰው ሁሉ የሚረሳው ይቺን ነው፤ ተከፍቶ የቆየው መስኮት አዲሱን አያውቅም።

ጥያቄ፣ ከደሴ ሆጤ፦ ላብ የሠራሁት እቤት ሲመጣ 65 እና 52 የሚሉ ቁጥሮች ያሉበት ኤረር እያመጣ እምቢ አለኝ።

መልስ፦ የክላስ ፋይሉ (ኮምፓይል ሲደረግ የሚወጣው ፋይል) ቨርዥን ነው። 44 ቀንስለት፦ 65 ማለት ጃቫ 21፣ 52 ማለት ጃቫ 8። ላቡ በ21 ኮምፓይል አደረገው፣ የቤትህ 8 ነው። አዲሱ የአሮጌውን ያነባል እንጂ አሮጌው የአዲሱን አያነብም። የቤትህን አሳድገው። ካልተቻለ ላብ ላይ ኮምፓይል ስታደርግ «ሪሊስ 8» የሚለውን ማዘዣ ጨምርበት፤ ከ8 በኋላ የመጡ ነገሮችን ከተጠቀምክ ግን እዚያው ይመልስሃል።

ጥያቄ፣ ከሐይቅ፦ ፕሮግራሜ አማርኛውን ጥያቄ ምልክት ያደርግብኛል። አንዳንዴም ባዶ ሳጥን።

መልስ፦ ይቺን ስጠብቃት ነበር። ሁለቱ የተለያየ በሽታ ናቸው። ሳጥን ከሆነ ፊደሉ በደህና አለ፣ የጎደለው ፎንት ነው። ጥያቄ ምልክት ከሆነ ኢንኮዲንጉ (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበት መንገድ) ነው፤ ፋይል ላይ ከተጻፈ ደግሞ ፊደሉ ጠፍቷል፣ አይመለስም።

የደረሰብኝን ልንገርህ። ለአጎቴ ሱቅ የዱቤ መዝገብ ሠራሁለት። ሲመዘገብ ስክሪኑ ላይ ያምራል። በማግስቱ ፋይሉን ስንከፍተው ሰይድም ሦስት ጥያቄ ምልክት፣ ከድርም ሦስት ጥያቄ ምልክት። 340 ብር ያለበት የትኛው ነው? አጎቴ ወደ ደብተሩ ተመለሰ፤ እስከ ዛሬ ሲያየኝ «ጥያቄ ምልክቱ መጣ» ይላል።

ጥፋቴ ፋይሉን ስጽፍ ዩቲኤፍ 8 (ግዕዝንም የሚይዘው ኢንኮዲንግ) ብዬ አለመግለጼ ነበር። ያኔ ጃቫ የሚከተለው የዊንዶውሱን ቅንብር ነው፤ የእኛው ኮምፒውተር ቅንብር ደግሞ ግዕዝን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ጃቫ 18 ወዲህ ካልነገርከው በቀር ፋይል ላይ ዩቲኤፍ 8ን ነው የሚወስደው። ቢሆንም አንተው ግለጸው፤ ፕሮግራምህ የማን ኮምፒውተር ላይ እንደሚያርፍ አታውቅም። መፈተሻው ቀላል ነው። «ሰይድ» የሚል ቃል ብቻ ያለበት ፋይል ጻፍና መጠኑን እይ፤ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ 9 ባይት ከሆነ ሰላም ነው። 3 ከሆነ ያው የእኔ ጣጣ ነው። ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ አማርኛ አሳያለሁ ብለህ ግን አትድከም፣ በስዊንግ (ጃቫ መስኮት በሚሠራበት ክፍሉ) መስኮት ሠርተህ እየው።

ጥያቄ፣ ከመካነ ሰላም፦ እዚህ ኔት እንደ ልብ አይደለም። ሜቨን (ፕሮጀክቱ የሚያስፈልገውን ዝግጁ ኮድ የሚያወርደው መሣሪያ) ዳውንሎድ እያለ ፓኬጄን ጨረሰው።

መልስ፦ ሜቨን ያወረደውን ነጥብ ኤም2 በሚባል ፎልደር ያስቀምጣል። ዋይፋይ ያለበት ስትደርስ ፕሮጀክቱን ከነቴስቱ እስከ መጨረሻው ቢልድ አድርገው። እቤት ስትመለስ ትዕዛዙ ላይ ሰረዝ ኦ ጨምር፤ ኔት ሳይነካ ይሠራል። ያንኑ ፎልደር ከጓደኛ በፍላሽ መገልበጥም ይቻላል፤ ቫይረሱን ብቻ ተጠንቀቅ።

ጥያቄ፣ ከደሴ ፒያሳ፦ ጃቫ የእኛን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል?

መልስ፦ የሂጅራውን ከጃቫ 8 ጀምሮ ያውቃል፣ የእኛን ግን አብሮት አይመጣም። ስሪቴን ኤክስትራ የሚባል ላይብረሪ (ፕሮግራምህ ላይ የምትጨምረው ዝግጁ ኮድ) አለ፤ 13ቱን ወር ከነጳጉሜው ይዟል። በራስህ 7 ወይም 8 እየቀነስክ እንዳትጀምር፣ መስከረም ላይ ያጋልጥሃል።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ የጃቫ ባለቤት ኦራክል ያስከፍላል ሲባል ሰማሁ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ለሱ አትጨነቂ፣ ኦፕንጄዲኬ (ክፍቱ ጄዲኬ) በነፃ ነው። እኔ የምጠቀመው ከሱ የተሠራውን ቴሙሪንን ነው፣ ጃቫ 21። አስተማሪሽ ሌላ ቨርዥን ካሉ ግን የእሳቸውን ጫኚ።