«እሺ» የሚሉ ታካሚዎችና ሌሎች ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ በስኳር ሕመም ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ታካሚዎቼ የምመክራቸውን ሁሉ «እሺ» ብለው ይሄዳሉ፤ በቀጣዩ ቀጠሮ ግን ምንም የተለወጠ ነገር አላይም። ጥፋቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ «እሺ» በእኛ ዘንድ ሁልጊዜ ስምምነት እንዳልሆነ እርስዎም ያውቁታል፤ ጋውን ለለበሰ ሰው የሚሰጥ አክብሮት፣ አንዳንዴም ከክፍሉ ቶሎ መውጫ ነው። ስለዚህ ከምክሩ በፊት ጥያቄ ይቅደም። «ስኳር ያለው ሻይ ያቁሙ» ከማለት «እማማ፣ በቀን ስንት ብርጭቆ ሻይ ይጠጣሉ? ከየትኛው መቀነስ ይቀልዎታል?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በትዕግሥት ይጠብቁ። «የጠዋቱ አይሆንልኝም፤ የማታውን ግን ያለ ስኳር እጠጣለሁ» ካሉ፣ ትንሽ ቢመስልም ራሳቸው ያሰቡትና የተናገሩት በመሆኑ፣ ከእርስዎ ሙሉ ክልከላ ይልቅ የመፈጸም ዕድሉ የሰፋ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮም ከሌላው ሁሉ በፊት ስለዚያች የማታ ሻይ ይጠይቋቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ያቋርጣሉ፤ ሐኪሙ ስለሚቆጣቸው ግን «በሚገባ እወስዳለሁ» ይሉታል። ቁጣው ለጥቅማቸው አይደለምን?

መልስ፦ ሐሳቡ ለጥቅማቸው ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ ግን አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ግፊቱ እንዳልወረደ የሚያይ ሐኪም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ሊጨምር ይችላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊልያም ሚለርና ባልደረቦቹ አልኮል ለሚያበዙ ሰዎች ስለሚሰጥ ምክር በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አማካሪው ጠጪውን ይበልጥ በተጋፈጠው ቁጥር ጠጪው ከአንድ ዓመት በኋላ ይበልጥ ሲጠጣ ተገኝቷል። (እልኸኛው ጠጪ አማካሪውን አስቆጥቶት ይሆናል የሚል ቢኖር፣ ጥርጣሬው ተገቢ ነው።) በቀጠሮው ቀን አብረው ይግቡና «አንዳንድ ቀን ያመልጣቸዋል» ብለው እርስዎ ይጀምሩላቸው።

ጥያቄ፦ ለአንድ ታካሚ ያለኝ 5 ደቂቃ ነው። ይህን ሁሉ መቼ ላድርገው?

መልስ፦ ተግሣጹም ጊዜ ይወስዳል። አንድ ጥያቄ ብቻ ይሞክሩ፦ «ሲጋራ ማቆም ለእርስዎ ከ0 እስከ 10 ምን ያህል አስፈላጊ ነው?» 4 ካለዎት «ለምን 1 አላሉም?» ይበሉት፤ ያን ጊዜ የማቆሚያውን ምክንያት ራሱ ይዘረዝራል። «ለምን 10 አላሉም?» ካሉት ግን የሚዘረዝረው ሰበብ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ እውነቱን በግልጽ መናገር ቀረ ማለት ነው?

መልስ፦ አልቀረም። «ያየሁትን ልንገርዎት?» ብለው ፈቃድ ይጠይቁ፤ ውጤቱን ሳያለሳልሱ ይንገሩት፤ ከዚያም «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብለው ጆሮዎን ይስጡት።