ደ ሸቮ ለመግዛት ላሰባችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣ የፈረንሳዩን መኪና አሮጌ ሲትሮኤን ደ ሸቮ ለመግዛት ስትሄዱ የሞተሩን ድምፅ ከመስማታችሁ በፊት ተንበርክካችሁ ሻንሲውን፣ ማለትም መኪናውን ከሥር የተሸከመውን አፅም፣ እዩ። ሞተሩ በቀላሉ ወርዶ ይጠገናል። ሻንሲው ግን ከስስ ላሜራ የተበየደ፣ ውስጡ ባዶ ሣጥን ነው፤ ውሃ ገብቶ ይተኛበትና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ከላይ ቀለም ተቀብቶ እያብረቀረቀ ውስጡን ለቄስ ነው። በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ አድርጉት። ድምፁ ከደነዘ፣ ወይም በበሩ ዙሪያ ያለው ክፍተት ላይና ታች እኩል ካልሆነ ሻንሲው ሳይበላ ወይም ሳይጎብጥ አልቀረም። ያን ጊዜ ቁራሽ ላሜራ መለጠፍ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ዚንክ የተነከረ አዲስ ሻንሲ ስለሚሸጥ እሱን ግዙ።

ላሜራው የሳሳው ታስቦበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሲትሮኤኑ ኃላፊ ፒዬር ቡላንዤ መሐንዲሶቻቸውን ያዘዙት ሁለት ገበሬና 50 ኪሎ ድንች ጭኖ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ 100 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሊትር ቤንዚን የሚበቃው፣ በታረሰ ማሳ ሲያልፍ በቅርጫት ያለ እንቁላል የማይሰብር መኪና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ሲታይ ሞተሩ 375 ሲሲ፣ ጉልበቱ 9 ፈረስ ነበር። ብዙዎች ቢሳለቁበትም ገዢው ዓመታት ወረፋ ጠብቆለታል፤ ምርቱም እስከ 1990 ዘልቋል።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ የሌለው ነገር ነው። በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተርም የውሃ ፓምፕም የለውም። የቴስታታ ጓርኒሲዮንም ሆነ እሳቱን ለካንዴላዎቹ በየተራ የሚያከፋፍል ዲስትሪቢዩተር የለውም፤ ሁለቱ ካንዴላዎች አብረው ይተኩሳሉ። ስለዚህ ሞተሩ ከጋለ አየሩ የታፈነበትን ቦታ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ከቬንትሌተሩ ጀርባ ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ በአቧራና በቅባት ተደፍኖ ታገኙታላችሁ። የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳው መክፈቻና መዝጊያ፣ ፑንቲናውም፣ እዚያው ተደብቆ ስለሚቀመጥ ይረሳል፤ ክፍተቱ 0.40 ሚሊ ሜትር ይሁን። በኋላ በመጣው 602 ሲሲ ሞተር የቫልቮቹ ክፍተት 0.20 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሞተሩ ሲበርድ ብቻ ይለካል።

የፊት ጎማ ማዞሪያ ፒኖችን በየ1000 ኪሎ ሜትሩ ግሪስ አጠጡ፤ ጎማው በክሪክ ተነስቶ ካልተንጠለጠለ ግሪሱ በደንብ አይገባም።

ፍሬን ላይ ግን አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. ከ1981 ወዲህ የፊት ፍሬናቸው ዲስክ የሆኑት የሚጠጡት ኤል ኤች ኤም የሚባለውን አረንጓዴ የማዕድን ዘይት ነው። ተራ የፍሬን ዘይት ከተጨመረበት ጎሚኒዎቹን ያበላሽና ፍሬኑ ይከዳችኋል። ክዳኑን ከፍታችሁ ቀለሙን እዩ፤ የተቀላቀለ ከመሰላችሁ ጎሚኒዎቹና ቱቦዎቹ በሙሉ ሳይቀየሩ መኪናውን አትንዱ።