ከባሕር ወደ ምዕራቡ ጠረፍ፦ ስለ መርከበኛ ቅድመ አያቶች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

በአሜሪካ ትዳር መሥርተው ልጆች የሚያሳድጉ አንባቢዎቻችን ከላኳቸው ደብዳቤዎች ውስጥ በርከት ያሉት ስለ አንድ ዓይነት ሰው የሚጠይቁ ናቸው፤ በወጣትነቱ በመርከብ ላይ ሠርቶ፣ በኋላ በካሊፎርኒያና በአካባቢዋ በነበረው የምዕራብ ጠረፍ ስለ ሰፈረ ቅድመ አያት። ሰባት ቤት መቁጠርን ከወላጆቻችን የተማርን ሰዎች፣ የልጆቻችንን የሌላኛውን ወገን ሐረግም በዚያው ጥንቃቄ ልንቆጥርላቸው ይገባል ብዬ ስለማምን ጥያቄዎቹን ሰብሰብ አድርጌ እመልሳለሁ። ቀኖቹና ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ቤተሰቦች የቅድመ አያታቸው አባት በዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ላይ ይሠራ እንደ ነበረ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ሲደርስም መርከቡን ጥሎ ወርቅ ፍለጋ እንደ ሄደ ይናገራሉ። ይህ ሊታመን ይችላል? ፍለጋውንስ ከየት ልጀምር? (አንዲት እናት፣ ከኦክላንድ)

መልስ፦ በሚገባ ሊታመን ይችላል። ጥር 24 ቀን 1848 በኮሎማ፣ በአሜሪካን ወንዝ ዳር፣ ጄምስ ማርሻል የተባለ ሰው በመጋዝ ወፍጮ ግንባታ ላይ ሳለ ወርቅ ካገኘ በኋላ፣ አንድ ሺህ ያህል ነዋሪ የነበራት ሳን ፍራንሲስኮ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 25,000 የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ሆነች፤ በወደቧም በመቶዎች የሚቆጠሩ መርከቦች መርከበኞቻቸው ጥለዋቸው ስለ ሄዱ ያለ ሰው ቆመው ቀሩ። ከእነዚህ አንዱ ኒያንቲክ የሚባለው የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ነበር፤ በ1849 መንገደኞችን ከፓናማ ካመጣ በኋላ ወደ የብስ ተጎትቶ መጋዘንና ሱቅ ሆነ፣ በ1851ዱ ቃጠሎ ተቃጠለ፣ ቅሪቱም በ1978 ለሕንፃ መሠረት ሲቆፈር ከከተማው እምብርት ሥር ወጣ።

መርከበኞቹ ለምን ጥለው እንደ ሄዱ ለመረዳት የአከፋፈላቸውን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። የዓሣ ነባሪ አዳኞች ደመወዝ አልነበራቸውም፤ ሦስትና አራት ዓመት ከሚፈጀው ጉዞ በኋላ ከተገኘው ዘይት ዋጋ ድርሻ ይታሰብላቸው ነበር፣ የጀማሪውም ድርሻ ብዙ ጊዜ ከ175 እስከ 200 ከሚደርስ እጅ አንዱ ብቻ ነበር። ከዚያችም ላይ አስቀድሞ የወሰደው ብር፣ ከመርከቡ የዕቃ መሸጫ ሣጥን የገዛው ልብስና ትንባሆ ከነወለዱ ይቀነስበታል፤ ስለዚህ ብዙዎች ዓመታት ለፍተው ባዶ እጃቸውን ወይም ባለ ዕዳ ሆነው ይወርዱ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ከዳተኛ ብሎ ለመፍረድ እኔ አልደፍርም።

ፍለጋውን ከሚያውቁት ሰው ይጀምሩና ወደ ኋላ ይሂዱ እንጂ፣ በዝና ከሚነገረው ጀግና ተነሥተው ወደ ፊት አይምጡ። የባለቤትዎን አያት የልደትና የጋብቻ ወረቀት ይዘው አንድ ትውልድ፣ ከዚያም ሌላ ትውልድ ወደ ኋላ ሲሻገሩ ወደ 1850ዎቹ ይደርሳሉ። የ1850ው የፌዴራል ሕዝብ ቆጠራ ባሪያ ያልነበረውን ሰው ሁሉ በስሙ የመዘገበ የመጀመሪያው ቆጠራ ነው፤ ነገር ግን የሳን ፍራንሲስኮ፣ የኮንትራ ኮስታና የሳንታ ክላራ ወረዳዎች ዝርዝር ጠፍቷል። ያንን ክፍተት የሚሞላልዎ ካሊፎርኒያ በራሷ በ1852 ያካሄደችው ቆጠራ ነው፤ ሰውዬው ወደ ካሊፎርኒያ ከመምጣቱ በፊት የት ይኖር እንደ ነበረም ስለሚናገር ወደ መጣበት ወደብ ይመራዎታል። ወደቡ የዓሣ ነባሪ አደን ማዕከል የነበረችው የማሳቹሴትስዋ ኒው ቤድፎርድ ሆኖ ከተገኘ ዕድለኛ ነዎት፤ ከ1803 ጀምሮ የመርከብ አዛዦች የሠራተኞቻቸውን ዝርዝር ለጉምሩክ ሹም እንዲያስረክቡ ሕግ ያስገድዳቸው ስለነበር፣ የዚያች ከተማ የዓሣ ነባሪ አደን ሙዚየምና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የመርከበኞችን ስም፣ ዕድሜ፣ ቁመት፣ የቆዳና የፀጉር መልክ ሳይቀር በኢንተርኔት በነፃ ያሳያሉ።

ጥያቄ፦ በመርከቡ ዝርዝር ላይ ያገኘሁት ስምና በካሊፎርኒያ መዝገብ ላይ ያለው ስም አይመሳሰሉም፤ ዕድሜውና የትውልድ አገሩ ግን አንድ ነው። ተስፋ ልቁረጥ? (ከሳን ሆዜ)

መልስ፦ አይቁረጡ። በእርስዎ አካባቢ ያለችው የጊልሮይ ከተማ የተሰየመችበት ሰው ራሱ ምስክር ነው። ስኮትላንዳዊው ጆን ካሜሮን በ1814 አይዛክ ቶድ ከተባለ መርከብ በሞንተሬይ ወርዶ ሲቀር፣ ተይዞ እንዳይመለስ በእናቱ ቤተሰብ ስም ጊልሮይ ተባለ፤ በኋላ ካቶሊክ ሆኖ ተጠመቀና ሁዋን ባውቲስታ ማሪያ ጊልሮይ ሆነ፣ በ1821ም ከኦርቴጋ ቤተሰብ ሚስት አግብቶ የከብት እርባታ ባለቤት ሆኖ ኖረ። ስለዚህ በስፔንና በሜክሲኮ ዘመን ለገባ መርከበኛ የሚስዮን አብያተ ክርስቲያናትን የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ፣ የእናቱንም የቤተሰብ ስም ይዘው ይፈልጉ። ሆኖም የዕድሜና የትውልድ አገር መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለቱን ስሞች የሚያገናኝ አንድ ሦስተኛ ወረቀት ሳያገኙ ሐረጉን አይቀጥሉት።

ጥያቄ፦ የልጆቼ አባት ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ቤተሰቡ የጥንት አባታቸው መርከበኛ እንደ ነበረና በምዕራብ መሬት እንደ ያዘ ሲናገር፣ ልጄ በትምህርት ቤት «በዚያ ዘመን ይህ ሊሆን አይችልም» ተብሎ አዝኖ መጣ። ምን ልንገረው? (ከሲያትል)

መልስ፦ ለልጅዎ ሊሆን እንደሚችል፣ እንደ ሆነም ይንገሩት። ባሕሩ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለነፃ ጥቁሮች ከተከፈቱት ጥቂት የሥራ መስኮች ዋነኛው ነበር። በ1796 በወጣው ሕግ መሠረት አሜሪካዊ መርከበኛ ሁሉ ዜግነቱን የሚመሰክርና መልኩን የሚገልጽ ወረቀት ከጉምሩክ ቢሮ ማውጣት ይችል ነበር፤ ለነጩ ይህ ወረቀት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አፍኖ እንዳይወስደው መከላከያ ሲሆን፣ ለጥቁሩ ከዚያ በላይ ነፃ ሰው ለመሆኑ ከመንግሥት የተሰጠ ማስረጃ ነበር። በኋላ ባርነትን በመቃወም የታወቀው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1838 ከባልቲሞር፣ ከባርነት፣ ያመለጠው የመርከበኛ ልብስ ለብሶ ከአንድ ነፃ ጥቁር መርከበኛ የተዋሰውን እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ነው፤ በወረቀቱ የተጻፈው መልክ የእርሱን ባይመስልም የባቡሩ ተቆጣጣሪ አገላብጦ ሳያይ አልፎታል። ዳግላስ ከዚያ በኋላ የሰፈረውም በዚያችው በኒው ቤድፎርድ ነው።

ስለ ምዕራቡ ደግሞ የዊሊያም ላይድስዶርፍን ታሪክ ያንብቡለት። በ1810 የዴንማርክ ግዛት በነበረችው የካሪቢያን ደሴት፣ ሴንት ክሮይ፣ ከዴንማርካዊ አባትና የአፍሪካ ዘር ካላት እናት ተወለደ፤ በኒው ኦርሊንስ ካፒቴን ሆኖ ከሠራ በኋላ በ1841 ጁሊያ አን የምትባለውን መርከብ እየነዳ ያኔ የርባ ብዌና ትባል ወደ ነበረችው ሳን ፍራንሲስኮ ገባ። በ1844 የሜክሲኮ ዜጋ ሆኖ በአሜሪካን ወንዝ ዳር 35,000 ኤከር ገደማ መሬት ተሰጠው፤ በ1845 የአሜሪካ ምክትል ቆንስል ሆኖ ተሾመ፤ በ1847 በባሕረ ሰላጤው ላይ የመጀመሪያ የሆነችውን በእንፋሎት የምትሄድ ጀልባ፣ ሲትካን፣ አስነዳ። በከተማዋ የመጀመሪያውን የሕዝብ ትምህርት ቤት ካቋቋሙት ሰዎችም አንዱ ነው። ወርቁ ከተገኘ ከአራት ወር በኋላ፣ በግንቦት 1848፣ ዐረፈና በዶሎሬስ ሚስዮን ተቀበረ። ዛሬ በሳን ፍራንሲስኮ የባንኮች ሠፈር በስሙ የሚጠራ መንገድ አለ።

ከእርሱ በኋላም በ1859 በባርቤዶስ የተወለደው ዊሊያም ሾሪ በ1880ዎቹ የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ካፒቴን ሆኖ ወደ ሰሜን ውቅያኖስ ሲመላለስ ኖሯል፤ ቤቱ በኦክላንድ ነበር። ለልጅዎ ግን ብሩሁን ገጽ ብቻ አያሳዩት። ካሊፎርኒያ ባርነትን የከለከለች ግዛት ሆና ወደ አሜሪካ ኅብረት ብትገባም፣ ከ1850 ጀምሮ ጥቁር ሰው ነጭን በሚመለከት ጉዳይ በፍርድ ቤት እንዳይመሰክር የሚከለክል ሕግ ነበራት፤ ሕጉ ለጥቁሮች የተነሣው በ1863 ነው። መሬቱን ወይም ያገኘውን ወርቅ በነጭ የተነጠቀ ጥቁር በእነዚያ ዓመታት የራሱን ቃል እንኳ ለዳኛ ማሰማት አይችልም ነበር። የልጅዎ ቅድመ አያት ይህን ሁሉ ተቋቁሞ መሬት ይዞ ከነበረ፣ ክብሩ የሚገባው ለዚህ ጭምር ነው።

ጥያቄ፦ ከምሥራቁ ጠረፍ በመርከብ ካሊፎርኒያ ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅ ነበር? (ከዳላስ)

መልስ፦ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ በኬፕ ሆርን ዞሮ ለሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ስምንት ወር ይፈጅ ነበር። ፍላይንግ ክላውድ የተባለችው ፈጣን መርከብ በ1851 ከኒው ዮርክ በ89 ቀን ስትገባ አገር ጉድ አለ። በፓናማ የሚያቋርጠው መንገድ አጭር ቢሆንም፣ የፓናማ የባቡር ሐዲድ በ1855 እስኪከፈት ድረስ በወንዝ ጀልባና በበቅሎ ወባ ባለበት ጫካ ማለፍን ይጠይቅ ነበር።

ጥያቄ፦ ከአማቴ ቤት አንድ የመርከብ ውሎ መዝገብ ተገኘ። በውስጡ የዓሣ ነባሪ ማኅተሞች አሉ፤ የሠፈሩት ቀኖች ግን ከደብዳቤዎቹ ቀኖች ጋር አይስማሙም። የተሳሳተው የቱ ነው? (ከቶሮንቶ)

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ብዙ የአሜሪካ መርከቦች ቀንን የሚቆጥሩት ከእኩለ ቀን እስከ እኩለ ቀን ሲሆን፣ የባሕሩ ቀን የሚጀምረው በየብሱ አቆጣጠር ከቀደመው ቀን እኩለ ቀን ላይ ነበር። ስለዚህ በመዝገቡ መጋቢት 5 ከሰዓት በኋላ ተብሎ የተጻፈው ነገር በየብሱ ሰው ዘንድ መጋቢት 4 ከሰዓት በኋላ የሆነ ነው፤ በዚያው ቀን ገጽ ላይ ከሰዓት በኋላው ከጠዋቱ በፊት ተጽፎ ካዩ፣ ጸሐፊው በባሕሩ ቀን እንደ ቆጠረ ያውቃሉ። ከማኅተሞቹ ሙሉ አካሉ የታየው ዓሣ ነባሪ የተያዘ ነው፤ በሆዱ ባለው ነጭ ቦታ የተጻፈው ቁጥር ከእርሱ የወጣውን ዘይት በበርሜል ይናገራል፤ ጭራው ብቻ የታየው ደግሞ ያመለጠ ነው። መዝገቡን በፕላስቲክ አይጠቅልሉት፣ በማጣበቂያም አይጠግኑት፤ ገጾቹን ፎቶ አንሥተው ከፀሐይና ከእርጥበት ያርቁት።

ጥያቄ፦ የባሌ አያቶች ቅድመ አያታቸው «ባዶ መሬት አቀና» ይላሉ። እኔ ግን ይህን ለልጆቼ ለመድገም ኅሊናዬ እምቢ ይለኛል። (ከሳክራሜንቶ)

መልስ፦ ኅሊናዎ ልክ ነው፤ መሬቱ ባዶ አልነበረም። ወርቅ የተገኘበት የኮሎማ ሸለቆ የኒሴናን ሕዝብ አገር ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች በ1848 በካሊፎርኒያ 150,000 ያህል የነበሩት ነባር ሕዝቦች በ1870 ወደ 30,000 ዝቅ ማለታቸውን ይገምታሉ፤ በበሽታና በረሃብ ብቻ ሳይሆን ግዛቱ ገንዘብ እየከፈለ ባሰማራቸው ታጣቂዎች ጭምር። በ1850 የወጣ ሕግም ሕፃናቶቻቸውን ለነጮች ቤትና እርሻ በአገልጋይነት ማሰርን ይፈቅድ ነበር። አያቶቹን ሳያዋርዱ ልጆቹን እውነቱን ማስተማር ይቻላል፤ ቅድመ አያታቸው የሠራውን ጎጆና የቆፈረውን ጉድጓድ ሲያሳዩአቸው፣ ከእርሱ በፊት በዚያ ምንጭ የጠጡትን ሰዎች ስም አብረው ይጥሩላቸው።

ሰውዬው ከ1862 በኋላ መንግሥት ለሰፋሪዎች መሬት በሚሰጥበት የሆምስቴድ ሕግ 160 ኤከር ይዞ ከሆነ፣ ፋይሉ በዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። በመሬቱ ላይ አምስት ዓመት መኖሩን በሁለት ምስክሮች ማረጋገጥ ስለነበረበት፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ አጥሩ፣ ስላረሰው መሬትና ስለ ቤተሰቡ ብዛት የሰጠውን ቃል ያነብባሉ፤ ምስክሮቹም ብዙ ጊዜ ጎረቤት ወይም ዘመድ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሁሉም ስለ ሰውዬው ያወራል፤ በሜይን ከልጆቿ ጋር ጥሎአት ስለ ሄደው ሚስቱ ግን ማንም አያውቅም። እርሷን እንዴት ላግኛት? (ከቦስተን)

መልስ፦ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ነው። በ1850 እና በ1860 ቆጠራዎች ባሏ በቤት የሌለ ሴት ብዙውን ጊዜ በራሷ ስም የቤት ኃላፊ ሆና፣ ወይም በአባቷ ቤት ከልጆቿ ጋር ተመዝግባ ትገኛለች። መርከቡ ዓሣ ነባሪ አዳኝ ከነበረ የባለቤቶቹን የሒሳብ ደብተር ይመልከቱ፤ ሚስቶች ከባላቸው ድርሻ ላይ የሚታሰብ ገንዘብና ስንቅ ከወኪሉ ይወስዱ ስለነበር ስማቸው ከነቀኑ ሠፍሮ ይገኛል።

ሰውዬው በ1846 ሞንተሬይንና የርባ ብዌናን በያዙት የአሜሪካ የጦር መርከቦች ላይ አገልግሎ ከሆነ ደግሞ በ1887 የወጣው የሜክሲኮ ጦርነት የጡረታ ሕግ ለመበለቶችም ይሠራ ነበር። መበለቲቱ የጋብቻ ማስረጃና የሚያውቋትን ሰዎች ቃል ማቅረብ ነበረባት። በምዕራብ ሌላ ሚስት አግብቶ ከነበረ ሁለቱም ሴቶች አመልክተው ሊሆን ስለሚችል፣ ፋይሉን ሲጠይቁ በእርሱ ስም ብቻ ሳይሆን በሁለቱም ሴቶች ስም ያስፈልጉ።