ከሐይቅ እስከ ጨፋ፦ የውሃ ዳር ጥያቄዎቻችሁ

መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ የወሎ ሰው እግሩ አያርፍም። የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁም አብዛኞቹ ስለ ውሃ ዳር ጉዞና ስለ ወፍ ናቸው። በጣም ደስ ብሎኛል። ሁሉንም ባልጨርስም የቻልኩትን እነሆ።

«የ8 እና የ11 ዓመት ልጆች አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከደሴ ወጥተን ማታ ቤታችን መግባት እንፈልጋለን። የት ይሻለናል?» (እናት፣ ከደሴ)

ሐይቅ ሂዱ፣ እህቴ፤ ከተማውም ውሃውም ስማቸው ሐይቅ ነው። በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሚኒባስ ሐይቅ ከተማ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ ውሃው ዳር ድረስ ባጃጅ አለ። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከቤት ውጡ። ፀሐይ ከበረታች ወፉም ጥላ ፍለጋ ይሄዳል፣ ልጆቹም ይነጫነጫሉ።

ዳርቻውን ሁሉ እንዙር አትበሉ። ፊላና ደንገል የበቀለበት ቦታ ፈልጉና ግማሽ ሰዓት ቁጭ በሉ። ወፍ የሚደበቀውም የሚበላውም እዚያ ነው። ልጆቹን «ዝም በሉ» ከማለት ሥራ ስጧቸው። ትልቁ ዳክዬ ይቁጠር፣ ትንሹ ደግሞ ዓሣ የሚይዝ ወፍ ይፈልግ። ልጅ ሥራ ሲይዝ ሳይነግሩት ዝም ይላል። እኔ የእህቴን ልጆች ይዤ ስሄድ ሁሌም እንዲህ ነው የማደርገው።

ምሳ ላይ ቆሮሶ ዓሣ ብሉ። ለልጆቹም ታሪኩን ንገሯቸው። ቆሮሶ የሐይቅ የጥንት ነዋሪ አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሰው እጅ የገባ ነው። ዓሣ አጥማጁን ጠቅሞታል፤ እሰየው። ውሃው ግን ድሮ ይበልጥ የጠራ ነበር። አጥኚዎች ለውጡን ከቆሮሶው ጋር ያያይዙታል። አረንጓዴውን አልጌ የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ነበሩ፤ ዓሣው እነሱን ሲበላቸው አልጌው በዛ። አንድ ዓሣ የሐይቁን መልክ እንደሚቀይር ልጅ ሆኜ የነገረኝ ቢኖር እንዴት ደስ ባለኝ!

«መነጽር የለኝም፤ ለመግዛትም አቅሜ አይፈቅድም። የወፎቹንም ስም አላውቅም። ታዲያ ምን አያለሁ?» (ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ)

ብዙ ታያለህ፣ ወንድሜ። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ቢኖር ጥሩ ነው። ግን የውሃ ወፍ ትልቅ ነው፤ ሜዳ ላይ ነው የሚውለው፤ ከጫካ ወፍ ይልቅ ለጀማሪ ይመቻል። ስሙንም ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ የሚሠራውን እይ።

ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነ፣ ምንቃሩ ረጅም ትንሽ ወፍ ከውሃው በላይ አንድ ቦታ ላይ ክንፉን እያርገበገበ ቆሞ ድንገት ቁልቁል ከተወረወረ ዓሣ እያደነ ነው። ጥቁር፣ አንገተ ረጅም ወፍ ድንጋይ ላይ ሆኖ ክንፉን እንደ ልብስ ካሰጣ ጠልቆ ሲያጠምድ ቆይቶ የወጣ ነው። ላባው ውሃ ስለሚያስገባ ማድረቅ አለበት። ጥቁር ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ እንደ ዶሮ ራሱን እየነቀነቀ የሚዋኝም አለ። ራሱና ደረቱ በረዶ የመሰለ ነጭ የሆነ ንስር ዛፍ ጫፍ ላይ ካየህ ደግሞ ጠብቀው። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮህ ድምፁ ከውሃው ማዶ ይሰማል። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ምሳዬን ረስቼ ነው የዋልኩት።

ደብተር ያዝ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የወፉን ትልቅነት ከዶሮ ወይም ከእርግብ ጋር አወዳድረህ ጻፍ። የምንቃሩንና የእግሩን ቀለም አትርሳ። ከወር በኋላ ስሙን ከመጽሐፍ ለማግኘት አትቸገርም።

«ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም። አርዲቦ ሐይቅ ሰው አይበዛበትም ይሉኛል። ልድከምበት?» (ከሐይቅ ከተማ)

ጋሼ፣ ይድከሙበት። ግን በመኪና እስከሚደረስበት ድረስ በመኪና ይሂዱ፤ እግርዎን ለዳርቻው ያቆዩት። አርዲቦ ከሐይቅ ከፍ ብሎ ተራሮች መሀል ነው ያለው። እንዳሉት ጸጥ ያለ ነው። ምርኩዝ ይያዙ፤ የጠዋት ጤዛ ያንሸራትታል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እርስዎ መምህር ስለሆኑ ለሌላው ያስተላልፉታል ብዬ ነው። ከአርዲቦ የሚወጣው ውሃ በወንዝ ወርዶ ሐይቅ ይገባል። ከሐይቅ ግን ወዴትም የሚፈስ ወንዝ የለም። እዚያ የገባ ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ወይ ይተናል፣ ወይ ይሰርጋል፣ ወይ ታች ይዘቅጣል። አርዲቦ ዳር የታጠበ ልብስ ሳሙናው መድረሻው ሐይቅ ነው። የውሃ ኮዳችንን ይዘን እንመለስ ብዬ ሰው የምነዘንዘው ለዚህ ነው።

«ባለቤቴ ሐይቅ ያለውን እስጢፋኖስ ገዳምን ማየት ትፈልጋለች። ትገባለች?» (ከወልድያ)

የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች አይገቡም። አንተ ስትገባ እሷ ውጭ ፀሐይ ላይ እንዳትቆምብህ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ገዳሙን ሲያቋቁሙ ቦታው ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። ዛፎቹ ስለተጠበቁ ወፍ ሞልቶበታል። በአቅራቢያው ካለው ዳርቻ ሆና ብዙውን ማየት ትችላለች።

«መዋኘት ይቻላል?» (ሦስት ሰዎች ጠይቃችኋል)

እኔ አልዋኝም፤ ዋኙም አልላችሁም። ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ሁለተኛው ቢልሃርዝያ ነው። በወሎ ቆላና ወይና ደጋ ውሃዎች በሽታው አለ። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ ሣር ባለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ይኖራል። ከእሱ የሚወጣው ትል በዓይን አይታይም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ለፎቶ ብላችሁ እግራችሁን አትንከሩ። የገባ ሰው ቶሎ በፎጣ ይድረቅ፤ ከሳምንታት በኋላም ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። መድኃኒት አለው።

«እኛ ጋ ሐይቅ የለም። የመስኖ ግድብ ግን አለ። ወፍ ይመጣበታል?» (ከራያ ቆቦ)

ይመጣል! ግን ግንቡ ጋ አትቁም። ውሃው እዚያ ጥልቅ ነው፤ ዳሩም ገደል ነው። ወንዙ ወደሚገባበት ጭራ ሂድ። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ጭቃ ይወጣል፤ ያ ጭቃ ለእግረ ረጃጅም ወፎች ማዕድ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡትም ከመስከረም እስከ መጋቢት ድረስ እንዲህ ዓይነት ቦታ ያርፋሉ። ፕላስቲክ የተነጠፈበትን የገበሬ ኩሬ ግን አደራ፣ ጠርዙን አትርገጥ። በጣም ያንሸራትታል፤ የወደቀ ሰው የሚይዘው ነገር የለውም።

«የጨፋ ረግረግ ሐይቅ አይደለም። ለምን ትመክራለህ?» (ከከሚሴ)

ስለምወደው ነው። የቦርከና ወንዝ እያጠጣው በበጋ እንኳ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። በደረቁ ወራት የአፋርም የኦሮሞም የአማራም ከብት እዚያ ይሰማራል። ከብት ባለበት ደግሞ ነጫጭ ወፎች አሉ፤ ኮቴው የሚያስነሳውን ፌንጣ ይለቅማሉ። እረኞቹን ሳትጠይቁ አትግቡ። የቱ ጋ እንደሚያሰጥምና መንገዱ ሰላም መሆኑን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

«ጎህ ሲቀድ ከቤታችን በላይ በቡድን እየጮኸ የሚያልፍ ትልቅ ጠቆር ያለ ወፍ አለ። ምንቃሩ ወደ ታች የተቆለመመ ነው። ልጆቼ ይፈሩታል። ምንድን ነው?» (ከደሴ፣ ጦሳ ሥር)

ክንፉ ላይ ነጭ ካለበትና ጉሮሮው ሥር የተንጠለጠለች ቆዳ ካየሽ በእንግሊዝኛ ዋትልድ አይቢስ የሚሉት ወፍ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በስተቀር በዓለም የትም የለም። ገደል ላይና ዛፍ ላይ ያድራል፤ ሲነጋ ትል ፍለጋ ወደ መስኩ ይወርዳል። ጩኸቱ ሻካራ ነው እንጂ ሰው አይነካም። ነገ ጠዋት ልጆቹን ቀስቅሺና በረንዳ ላይ ሆናችሁ ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። ቁጥሩን ላኩልኝ።